እናታችሁ አሜሪካ ሲሄዱ ለሻንጣ እንዳይጠየቁ፦ ከጎንደር ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦

«የምንኖረው ጎንደር ነው። እህቴ አሜሪካ፣ ዴንቨር አለች፤ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። እናታችን ልታርሳት ትሄዳለች። ቪዛው ወጥቷል፣ ቲኬት ግን ገና አልቆረጥንም። ባለፈው አክስቴ በዚሁ መንገድ ስትሄድ ዋሽንግተን ላይ ለሁለቱም ሻንጣ ክፈይ ተባለች። ካርድ ስላልነበራት የማታውቀውን ሰው ለምና ነው ያስከፈለችው። አዘዞም፣ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ ሚዛኑ በዝቶ በርበሬውንና ሽሮውን ሸኚ ይዞት ተመልሷል። እናቴ እንዲህ እንዳትሆን ምን እናድርግ? ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠየቀው የት የት ላይ ነው?»

እህቴ፣ እንኳን ቪዛው ወጣላችሁ። እህትሽንም ማርያም በሽልም ታውጣት።

ቲኬት ገና አለመቁረጣችሁ ትልቅ ነገር ነው። ሰው የሻንጣ ክፍያ የሚወሰነው ሚዛን ላይ ይመስለዋል። ስለዚህ ሚዛኑ ጋ ቆሞ ይለምናል፣ ይቆጣል፣ ሻንጣ ከፍቶ ያራግፋል። ሚዛን ላይ ያለችው ልጅ ግን የምታየው ቲኬቱ ሲቆረጥ የተጻፈውን ነው። ብትፈልግም ብዙ ልትረዳችሁ አትችልም። ገንዘቡ የሚድነው ከዚያ በፊት፣ ቲኬቱ ሲገዛ ነው።

የአክስትሽን ነገር እንየው። ዝርዝሩን ባትነግሪኝም በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነገር ስለሆነ መገመት አይከብደኝም። አንድ ሰው እስከ ዋሽንግተን አንድ ቲኬት ገዛላት። ከዋሽንግተን ዴንቨር ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ረከስ ያለ ሌላ ቲኬት ተገኘና እሱም ተገዛ። ሲደመር ሃምሳ ስልሳ ዶላር የዳነ መሰለ። ለሁለተኛው አየር መንገድ ግን አክስትሽ ከጎንደር የመጣች እንግዳ አይደለችም። ከዋሽንግተን ወደ ዴንቨር የምትሄድ ተራ የአገር ውስጥ መንገደኛ ናት። አሜሪካ ውስጥ የአገር ውስጥ መንገደኛ ደግሞ ለመጀመሪያው ሻንጣም ይከፍላል። ይሄ ልማድ በትልልቆቹ አየር መንገዶች የተጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነዳጅ ሲወደድ ነው። ያኔ ለመጀመሪያው ሻንጣ 15 ዶላር ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያው ከ35 እስከ 40፣ ለሁለተኛው ከ45 እስከ 50 ዶላር ደርሷል። ሁለት ሻንጣ ሲሄድም ሲመለስም ሲከፈልበት ከ160 እስከ 180 ዶላር ገደማ ነው። ዳነ የተባለው ሃምሳ ዶላር ሦስት እጥፍ ሆኖ ወጣ ማለት ነው።

መፍትሔው ከጎንደር እስከ ዴንቨር ያለውን በሙሉ በአንድ ቲኬት መግዛት ነው። ጉዞው አሜሪካ የሚጀምር ወይም የሚያልቅ ከሆነና በአንድ ቲኬት ከተጻፈ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚሠራው የሻንጣ ደንብ አንድ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያወጣው ደንብ ነው፤ መሀል ላይ ያለው አየር መንገድ የራሱን ታሪፍ ማምጣት አይችልም። በመጀመሪያው በረራ ሁለት ሻንጣ ከተፈቀደ፣ በመጨረሻውም ሁለቱ ያለክፍያ ያልፋሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ከዋሽንግተን ወደ ዴንቨር የሚበረው ዩናይትድም እዚያው ኅብረት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቲኬት ማስቆረጥ ብርቅ ነገር አይደለም።

አንድ ቲኬት ሌላም ጥቅም አለው፣ እንዲያውም ከሻንጣው የሚበልጥ። ከአዲስ አበባ የተነሳው በረራ ዘግይቶ የዴንቨሩ ቢያመልጣቸው፣ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል። በሁለት ቲኬት ከሆነ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ «ቀርተዋል» ብሎ ይዘጋል። አዲስ ቲኬት ግዙ ነው። እንግሊዝኛ የማይናገሩ እናት ዋሽንግተን ላይ እንዲህ ሲሆኑ አስቢው።

እናትሽ ቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር ደግሞ አለ። ሻንጣው እስከ ዴንቨር ታግ (መድረሻው የተጻፈበት ወረቀት) ቢለጠፍለትም፣ ዋሽንግተን ላይ ራሳቸው ያነሱታል። አሜሪካ የሚገባ ሰው መጀመሪያ በሚያርፍበት ከተማ ሻንጣውን አንስቶ በጉምሩክ ማለፍ አለበት። ካለፉ በኋላ እዚያው መውጫው አጠገብ ቀጣይ በረራ ያላቸውን ሻንጣዎች የሚቀበሉ ሠራተኞች አሉ። ታጉ ላይ የዴንቨር ኮድ መኖሩን አይተው ይቀበላሉ፤ አለቀ፣ ክፍያ የለም። ስህተት የሚመጣው ሰው ሻንጣውን እየገፋ ወጥቶ ወደ ቼክ ኢን አዳራሽ ሲሄድ ነው። እዚያ ያለው ሠራተኛ እንደ አዲስ መንገደኛ ሊያያቸው ይችላል። በአማርኛና በእንግሊዝኛ «ወደ ዴንቨር ነው የምሄደው፣ ሻንጣዬን የት ላስረክብ?» የሚል ወረቀት ጽፈሽ ፓስፖርታቸው ውስጥ አድርጊላቸው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። ብዙ ሰው የጎንደርን በረራ ለብቻው ይቆርጣል። «ዋናውን ዴንቨር ያለችው ልጅ ትግዛ፣ እስከ አዲስ አበባ ያለውን እኛ እንችላለን» ይባላል። ቅን ሐሳብ ነው፤ ግን ያስወጣል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተራ የኢኮኖሚ ቲኬት እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎችን ይፈቅዳል። በድምሩ 46 ኪሎ መሆኑ ነው። ለብቻው የተቆረጠ የአገር ውስጥ ቲኬት የሚፈቅደው የዚህን ግማሽ ያህል ነው። አዘዞ ላይ 46 ኪሎ ይዞ የቀረበ ሰው ለቀሪው በኪሎ ይከፍላል፣ ወይም እንደ አክስትሽ በርበሬውን ለሸኚ ይመልሳል። መነሻው ጎንደር ተብሎ በአንድ ቲኬት ሲቆረጥ ግን የዓለም አቀፉ ልክ ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ጀምሮ ይሠራል። በዚያ ላይ የአየር መንገዱ ዓለም አቀፍ ቲኬት ላለው ሰው የአገር ውስጡ በረራ በቅናሽ ነው የሚታሰበው። እህትሽ ስትገዛ ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከጎንደር ብላ ትፈልግ።

ሻንጣው አዘዞ ላይ ሲመዘን «እስከ የት ነው የተለጠፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። ታጉንም እዩት። መድረሻ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሦስት ፊደል የዴንቨር መሆን አለበት። የአዲስ አበባ ከሆነ እዚያው ይታረም። ከቦሌ ሻንጣ አንስቶ እንደገና መሰለፍ ለእናት አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ቲኬቱ ከጎንደር ከተቆረጠ በኋላ እናትሽ «አዲስ አበባ ያለችውን እህቴን ልይ» ብለው ከሳምንት በፊት በሌላ መንገድ ቢሄዱ፣ የጎንደሩን በረራ ዝም ብለው መተው አይችሉም። የመጀመሪያውን በረራ ያልተሳፈረ ሰው ቀሪው ጉዞ በሙሉ ይሰረዝበታል። ቦሌ ደርሶ «ቲኬትዎ የለም» የተባለ ሰው የሚከፍለው ከማንኛውም ሻንጣ ይበልጣል። አዲስ አበባ መሰንበት ከፈለጉ ከመጀመሪያው ይወሰንና ቲኬቱ በዚያው ልክ ይቆረጥ።

ቲኬቱ ተገዝቶ በኢሜይል ሲመጣ ዋጋውን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ሻንጣ የሚለውን መስመር ፈልጉ። «2 ፒሲ» የሚል ካለ ሁለት ሻንጣ ማለት ነው። «0 ፒሲ» ካለ ምንም የለም ማለት ነው፤ አንዳንድ የአውሮፓ አየር መንገዶች አሜሪካ ድረስ እንዲህ ዓይነት ርካሽ ቲኬት ይሸጣሉ። በቁጥር ፈንታ ኪሎ ከተጻፈ ደግሞ የሚታየው የሻንጣው ብዛት ሳይሆን ጠቅላላው ክብደት ነው። በእያንዳንዱ በረራ ፊት ለፊት ያለውን አንድ በአንድ እዩ። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ካልሆነ ገንዘብ የሚጠየቅበት ቦታ እሱ ነው። በወኪል የምትገዙ ከሆነም ይህን መስመር ሳታዩ ብር አትክፈሉ። «ችግር የለውም፣ ያልፋል» የሚል ወኪል ሚዛኑ ጋ አብሯችሁ አይቆምም።

ስም ሌላው ነው። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። ቲኬቱ ላይ ያለው ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። አባትና አያት የቱ ጋ እንደሚገቡም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ነው። ዴንቨር ያለችው ልጅ እናቷን የምታውቃቸው በቤት ስም ሊሆን ይችላል፤ አትሳቂ፣ ይሄም ያጋጥማል። የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ አንሺና ላኪላት፤ እያየች ትሙላ። ስም ማስተካከያ እንደ አየር መንገዱና እንደ ስህተቱ ያስከፍላል። አንዳንዴም ቲኬቱ እንደገና ይቆረጣል።

ሰዓቱም እንደዚሁ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው። 09:40 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 3:40 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ቀኑ 15 ሆኖ ሰዓቱ 01:30 ከሆነ፣ ኤርፖርት የሚገባው በ14 ማታ ነው። በ15 ማታ የሄደ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቷል። ሳይሳፈሩ መቅረት ራሱን የቻለ ቅጣት አለው፤ ከቀን ለውጥ ክፍያ ጋር ይደመራል። መሄድ እንደማይቻል ከታወቀ በረራው ከመነሳቱ በፊት ደውሎ ማሰረዝ ወይም ማዛወር ያን ቅጣት ያስቀራል።

ምጥ ቀጠሮ አያከብርምና የቀን ለውጥ ጉዳይ እናንተን በቀጥታ ይመለከታል። በጣም ርካሹ ቲኬት ብዙ ጊዜ ለቀን ለውጥ ብዙ የሚያስከፍለው ነው። መሄጃውን ከመውለጃዋ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም አድርጉት፤ ያ ባይነካም ይሆናል። መመለሻው ግን መቀየሩ አይቀርም። አራስ ልጅ አቅፎ «ትንሽ ልሰንብት» የማይል አያት የለም። ስለዚህ የመመለሻ ቀን ለውጥ ስንት እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት አወዳድሩ። ትንሽ ጨምሮ ለውጥ የሚፈቅደውን መግዛት ለእናንተ ያዋጣል ባይ ነኝ። ከክፍያው ሌላ በአዲሱ ቀን ዋጋው ከፍ ብሎ ከሆነ ልዩነቱም እንደሚከፈል አትርሱ። በጥምቀትና በገና ሰሞን ይሄ ልዩነት ያስደነግጣል።

አሁን ወደ ጓዙ። አራስ ለማረስ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚጭን አውቃለሁ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የአጥሚት እህል፣ የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ማር፣ ጋቢ፣ ለሕፃኑ የተሸመነ ጥበብ። 46 ኪሎ ለዚህ በቂ ነው። የሚያጣብበው ባዶው ሻንጣ ነው። ገበያ ላይ ያለው ትልቁ ጠንካራ ሻንጣ ብቻውን አምስት ኪሎ ይሆናል። ሁለቱ አሥር ኪሎ፤ አሥር ኪሎ በርበሬ ማለት ነው! ሳስ ያለ የጨርቅ ሻንጣ ግን ሁለት ኪሎ አካባቢ ነው። ዱቄትና ልብስ ደግሞ አይሰበርም፣ ጠንካራ ሻንጣ አያስፈልገውም።

ሚዛን ከሌላችሁ ሰፈራችሁ ያለው ወፍጮ ቤት አለ። በርበሬው የሚፈጨው እዚያው አይደል? የተዘጋውን ሻንጣ ወፍጮ ቤቱ ሥራ ቀለል ሲለው ይዛችሁ ሂዱ፤ ማንም አይከለክላችሁም። 23 ላይ ሳይሆን 22 ላይ አቁሙ። ሚዛን ከሚዛን ይለያል። አንዱ 26 ሌላው 19 ቢሆን «ድምሩ ያው ነው» አይሠራም። በሻንጣ ቁጥር የሚሄድ ቲኬት እያንዳንዱን ለየብቻ ነው የሚያየው፤ 26 የሆነው ይቀጣል። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ሻንጣ ደግሞ ገንዘብ ቢከፈልበትም አይወሰድም፤ ዕቃው ለሁለት ሻንጣ መከፋፈል አለበት። መጠኑም ይለካል፤ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ።

በእጅ የሚያዘው 7 ኪሎ ነው። እዚህ ላይ ዘዴ አለ የሚሉ ሰዎች «የበዛውን በእጅ ያዙት» ይላሉ። ለአሜሪካ መንገድ በርበሬ ላይ አይሠራም። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር የበለጠ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ለብቻው ይፈተሻል፣ ካልጠራም አይሳፈርም። ይህ አንድ የለስላሳ ጣሳ ያህል ነው። በርበሬም፣ ሽሮም፣ አጥሚትም ዱቄት ናቸው። ቅቤና ማር ደግሞ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ በእጅ ከ100 ሚሊ ሊትር አያልፉም። ፍተሻው ላይ የሚጣል ነገር ከማየት እነዚህን ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጓቸው። ቅቤውን በሁለት ፌስታል አስሮ በጋቢ መጠቅለል ሳይሆን፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ማሸግ ነው። ጋቢው መለበስ አለበት። የለበሱት ልብስ አይመዘንም፤ አውሮፕላኑ ውስጥም ይበርዳል። ወፍራሙን ሹራብና ከባዱን ጫማም እንደዚሁ።

በእጅ ሻንጣው ውስጥ መድኃኒት፣ ወረቀት፣ ወርቅና የስልክ ባትሪ መሙያ (ፓወር ባንክ) ይሁን። ጎንደር የሚመጣው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8-400 ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ጠባብ ነው። ተለቅ ያለ የእጅ ሻንጣ በር ላይ ተቀብለው ከታች ይጭኑታል። ክፍያ የለውም፣ አይደንግጡ። መድኃኒቱንና ፓወር ባንኩን ግን አውጥተው ይያዙ፤ ፓወር ባንክ ከታች አይጫንም።

ቋንጣ አይያዝ። ሥጋ ከእኛ አገር ወደ አሜሪካ አይገባም። ሌላውንም ምግብ «ይዣለሁ» ብሎ ማስመዝገብ ነው። ተናግሮ የተወሰደበት ሰው ዕቃውን ብቻ ያጣል፤ ደብቆ የተያዘ ግን በመቶዎች ዶላር ይቀጣል።

ሦስተኛ ሻንጣ የግድ ከሆነ፣ ኤርፖርት ደርሳችሁ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ክፈሉ። ቀድሞ የተከፈለ ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ዕቃው ዴንቨር ስንት እንደሚሸጥ እህትሽን ጠይቂ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ያሉባት ከተማ ናት፣ የሐበሻ ሱቅ አለ። የእናት እጅ ያለበትን በርበሬ ሱቅ አይሸጠውም፤ ምስርና ክክ ግን በሻንጣ ክፍያ ይዞ መሄድ አያዋጣም።

ወንበር ለመምረጥ ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ ሲመጣ እለፉት። ቼክ ኢን ኢንተርኔት ላይ ሲከፈት ቶሎ ገብታችሁ ክፍት ከሆኑት መተላለፊያ ዳር ያለውን ምረጡላቸው። በመግዣ ገጽ ላይ ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ኢንሹራንስ ካለ አንሱት። ካርዱ በየትኛው ገንዘብ ይከፈል ብሎ ከጠየቀ እህትሽ በዶላር ትክፈል።

ዊልቸር ጠይቁላቸው። መራመድ ስለማይችሉ አይደለም። መንገዱ ረጅም፣ ምልክቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። አገልግሎቱ ነፃ ነው። ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ ከተነገረ ከአውሮፕላን በር ተቀብሎ፣ በኢሚግሬሽንና በጉምሩክ አሳልፎ፣ እስከ ቀጣዩ በር የሚያደርስ ሰው ይመደባል። ለዚያ ሰው ሻንጣ የሚረከቡበት ቦታም አይጠፋበትም። የእኛ እናቶች አንዳንዴ «ታመመች ይሉኛል» ብለው እንቢ ይላሉ። አባብሏቸው።

እህትሽ ከአየር መንገዱ በቀጥታ ከገዛችና ጉዞው ሳምንትና ከዚያ በላይ የቀረው ከሆነ፣ በአሜሪካ ደንብ መሠረት በ24 ሰዓት ውስጥ ያለቅጣት መሰረዝ ወይም ቲኬቱን ሳይከፍሉ ለ24 ሰዓት ማስያዝ ይቻላል፤ ከሁለቱ አንዱን አየር መንገዱ ማቅረብ አለበት። የትኛውን እንደሚያቀርብ ከመክፈሏ በፊት ትይ። እንደገዛች ቲኬቱን ትላክልሽ። ያን ዕለት ማታ ፓስፖርቱን ይዘሽ ቁጭ በይና ስሙን፣ ቀኑን፣ የሻንጣውን መስመር፣ መነሻው ጎንደር መሆኑን እዪ። የተሳሳተ ካለ ጠዋትን ሳትጠብቂ ደውዪላት፤ ዴንቨር ያኔ ገና ቀን ነው።